ት እና ክ፦ የሃንጋሪኛንና የፒፒልን የኀላፊ ጊዜ ግስ ለመሥራትና ለመፍታት

ሁለት ቃላት እንይ፦ ቫርታክ እና ፓኑኬት። የመጀመሪያው ሃንጋሪኛ ነው፤ «ጠበቁ» ማለት ነው። ሁለተኛው የኤል ሳልቫዶሩ ፒፒል ነው፤ «አለፉ» ማለት ነው። ሁለቱም ውስጥ ት አለ፣ ሁለቱም ውስጥ ክ አለ። ሁለቱም ስለ ብዙ ሰዎችና ስላለፈ ነገር ያወራሉ። ግን ሥራ ተቀያይረዋል። በሃንጋሪኛው ጊዜውን የሚናገረው ት ነው፤ ክ «ብዙ ናቸው» ይላል። በፒፒሉ ጊዜውን የያዘው ክ ነው፤ ብዙ መሆናቸውን የሚነግረን ት ነው።

ስለዚህ የአንድን ቅጥያ ድምፅ ብቻ ሰምቶ ትርጉሙን መገመት አያዋጣም። በቃሉ ውስጥ የቱ ጋ እንደተቀመጠ፣ ከፊቱና ከኋላው ምን እንዳለ ማየት ነው የሚበጀው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ለዚህ ነው የተቀመጡት።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ አለው። እኛ «አየሁህ» ስንል ማየትን፣ አዪውን፣ የታየውንና ጊዜውን በአንድ ቃል እንጨርሳለን። ግስን ከፊትም ከኋላም መጫን ለኛ የእለት ተእለት ነገር ነው።

ስለ ቋንቋዎቹ በአጭሩ

ሃንጋሪኛ የኡራል ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል ነው። ዘመዶቹ ፊንላንድኛ፣ ኢስቶኒያኛ፣ በሳይቤሪያ ደግሞ ሀንቲና ማንሲ ናቸው። ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በሚባለው የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሄደው የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ስላሉ፣ ከአንባቢዎቼ መካከል ይህ ቋንቋ በየቀኑ ጆሮው ውስጥ የሚገባ ሰው አይጠፋም።

ፒፒል የሚለው ስም ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ነው። ተናጋሪዎቹ ናዋት ይሉታል። ከሜክሲኮው ናዋትል ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ኡቶ-አዝቴካን ይባላል። ዛሬ የሚነገረው በምዕራብ ኤል ሳልቫዶር፣ በተለይ በሶንሶናቴ ግዛት ባለችው ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ጉስማን ነው። ተናጋሪዎቹ በጥቂት መቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም አረጋውያን። እ.ኤ.አ. በ1932 መጀመሪያ የተነሳውን የገበሬዎች አመፅ የጄኔራል ማክሲሚሊያኖ ኤርናንዴስ ማርቲኔስ መንግሥት በጅምላ ግድያ አፈነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ነባር ሕዝቦች አለቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው ደህንነት ሲሉ ቋንቋውን በአደባባይ መናገር ተዉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን በዚያችው በሳንቶ ዶሚንጎ ሕፃናት ከእናት ቋንቋ ተናጋሪ ሴቶች ጋር በናዋት የሚውሉበት መዋያ ተከፈተ። አንድ የግስ ቅጥያ በትክክል መማር ትንሽ ነገር ይመስላል። እንዲህ ላለ ቋንቋ ግን ትንሽ አይደለም።

ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር አይገናኙም። ይህን ከአሁኑ ያዙት፤ በኋላ አንድ አሳሳች ተመሳሳይነት ስለምናገኝ ያስፈልገናል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የንባብ ስምምነት

ቃላቱን በሙሉ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ስለዚህ በጥቂት ነገሮች እንስማማ።

ጠብቆ የሚነበበውን ት ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ፦ ትት። ሃንጋሪዎችም በላቲን ሲጽፉ እንዲሁ ይደግሙታል። በቅጥያ ውስጥ ያለ ረጅም አናባቢ ትርጉም የሚለውጥ ከሆነ እሱንም እደግመዋለሁ፦ ቫርታኣክ፣ ኬርቴኤክ።

ሃንጋሪኛ ከንፈር ተሞጥሙጦ የሚወጡ ሁለት የፊት አናባቢዎች አሉት። አንዱ ከንፈርን ኦ ለማለት አሹሎ ኤ የማለት ያህል ነው፤ እሱን በግዕዝ (በመጀመሪያው ረድፍ) ፊደል እጽፈዋለሁ፣ ለምሳሌ «ፈዝ»። ሌላው ከንፈርን ኡ ለማለት አሹሎ ኢ ማለት ነው፤ እሱን በሣልስ እጽፈዋለሁ፣ ለምሳሌ በ«ኬርቲክ» ውስጥ ያለው ቲ። የመጽሐፍ ገጽ ላይ ስታዩዋቸው ሁለቱም በላያቸው ላይ ነጥብ ወይም ጭረት አላቸው።

ፒፒል በዚህ በኩል ቀላል ነው። አናባቢዎቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኡ። «ኳ» የሚለው ድምፅ እንኳን ሳይቀር በፊደላችን አለ። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ። በኀላፊ ጊዜ የሚመጣውን ህ አንዳንድ ጽሑፎች በላቲኑ ጄ፣ ሌሎች ደግሞ በኤች ይጽፉታል። ድምፁ አንድ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ በአማርኛ ምን ማለት እንደፈለጋችሁ ወስኑ

ወደ ባዕድ ቋንቋ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት የአማርኛ ግሶችን ጎን ለጎን ጻፉ፦ አለፈ፣ አልፏል፣ አልፎ ነበር። ትምህርት ቤት ኀላፊ፣ የቅርብ ኀላፊ፣ የሩቅ ኀላፊ ብለን የተማርናቸው ናቸው። የመጀመሪያው ድርጊቱ እንደተፈጸመ ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው ውጤቱ እስካሁን እንዳለ ይጠቁማል። ሦስተኛው ከሌላ ያለፈ ነገር በፊት እንደተፈጸመ ይነግረናል።

ፒፒል ለሦስቱም የየራሱ ቅጥያ አለው። የዛሬው ሃንጋሪኛ ግን አንድ የኀላፊ ቅጥያ ብቻ ነው ያለው፤ የቀረውን ልዩነት በሌላ መንገድ ይገልጸዋል። ስለዚህ ከሃንጋሪኛ አንድ ለአንድ የሚገጥም ቅጥያ እየፈለጋችሁ አትድከሙ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የሃንጋሪኛውን ግንድ አውጡ

የሃንጋሪኛ መዝገበ ቃላት ግስን የሚያስቀምጠው በሦስተኛ መደብ ነጠላ፣ በአሁን ጊዜ ነው። ቫር ማለት «ይጠብቃል» ነው። ደስ የሚለው፣ ያ ቅርጽ በአብዛኛው ራሱ ግንድ ነው። የሚቀነስ ነገር የለውም።

የሚቀነሰው መጨረሻው ኢክ ሲሆን ነው። ዶልጎዚክ (ይሠራል) ከሆነ ኢክን አንሱና ዶልጎዝ ይቀራል። ላኪክ (ይኖራል) ከሆነ ላክ ይቀራል። የኀላፊው ቅጥያ የሚለጠፈው በተቀነሰው ላይ ነው፦ ዶልጎዝታም «ሠራሁ»፣ ላክታም «ኖርኩ»።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የግንዱን አናባቢ ተመልከቱ

ሃንጋሪኛ አናባቢዎቹን ያስማማል። ግንዱ የኋላ አናባቢ (ኣ፣ ኦ፣ ኡ) ካለው ቅጥያውም የኋላ አናባቢ ይይዛል። ግንዱ የፊት አናባቢ (ኤ ወይም እነዚያ ከንፈር የሚያሾሉት ሁለቱ) ብቻ ካለው ቅጥያውም የፊት ይሆናል። ቫርታም፣ ግን ኬርቴም (ጠየቅሁ)።

ኢ ብቻ ያላቸው አጫጭር ግሶች ላይ ተጠንቀቁ። ኢ የፊት አናባቢ ስለሆነ ኤ ትጠብቃላችሁ። ሆኖም ኢር (ይጽፋል)፣ ሺር (ያለቅሳል)፣ ኚት (ይከፍታል) የኋላ ቅጥያ ነው የሚወስዱት፦ ኢርታም «ጻፍኩ»፣ ሺርታም «አለቀስኩ»፣ ኚቶትታም «ከፈትኩ»። ለዚህ የሚረዳ የድምፅ ፍንጭ ከቃሉ ላይ አታገኙም፤ በቃል መያዝ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ ት ብቻ ወይስ ኦትት?

የሃንጋሪኛ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ እኔም እዚህ እቆያለሁ። የኀላፊው ምልክት ሁሌም ት ነው። ግን አንዳንዴ ብቻውን ይመጣል፤ አንዳንዴ አናባቢ አስቀድሞና ጠብቆ ይመጣል፦ ኦትት፣ ኤትት፣ ወይም ከንፈር ለሚያሾሉት ግንዶች ኧትት። የትኛው እንደሚመጣ የሚወስነው የግንዱ መጨረሻ ነው። ምክንያቱን በምላሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ት ያለ ችግር የሚከተላቸው ተነባቢዎች አሉ፣ አናባቢ ካልገባ የማይመቹም አሉ።

የመጀመሪያው ወገን ሁልጊዜ ት ብቻ ይወስዳል። መጨረሻቸው ል፣ ር፣ ን፣ ኝ ወይም ይ የሆኑ ግሶች ናቸው። ቫር ቫርት ይሆናል። ቤሴል (ይናገራል) ቤሴልት፣ ፋይ (ያማል) ፋይት ይሆናል። ሁለት ቀለም ኖሯቸው በኣድ ወይም በኤድ የሚጨርሱ ብዙ ግሶችም እዚህ ይገባሉ፤ ማራድ (ይቀራል) ማራድት ይሆናል።

ሁለተኛው ወገን በሁሉም መደብ ላይ ረጅሙን ይወስዳል። በኢት የሚጨርሱ ግሶች እዚህ ናቸው፦ ታኒት (ያስተምራል) ታኒቶትት ይሆናል፤ «አስተማርኩ» ደግሞ ታኒቶትታም። ሼጊት (ይረዳል) ሼጊቴትት ይሆናል። በሁለት ተነባቢ የሚጨርሱም ብዙዎቹ እዚህ ናቸው፦ ኤርት (ይገባዋል) ኤርቴትት። አንድ ቀለም ብቻ ሆነው በት የሚጨርሱም እንዲሁ፦ ከት (ያስራል) ከተትት።

ሦስተኛው ወገን ድብልቅ ነው፤ የቀሩት ግሶች አብዛኞቹ እዚህ ይወድቃሉ። ረጅሙን የሚወስዱት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፦ በሦስተኛ መደብ ነጠላ፣ ተሳቢው ያልታወቀ ሲሆን። በሌላው ሁሉ ት ብቻ ነው። ኦልቫሽ (ያነባል) ኦልቫሽታም «አነበብኩ» ይላል፣ ግን ኦልቫሾትት «አነበበ»። ፈዝ (ምግብ ይሠራል) ፈዝቴም ይላል፣ ግን ፈዘትት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሦስተኛ መደብ ከት በኋላ የሚደግፈው አናባቢ ስለሌለ ከፊቱ አንድ ይጨመርለታል።

ሁለት በጣም የተለመዱ ግሶች ቦታቸውን ለቀው እዚህ ድብልቁ ውስጥ ገብተዋል። ላት (ያያል) በት ቢጨርስም ላትታም «አየሁ»፣ ላቶትት «አየ» ነው። ሞንድ (ይላል፣ ይናገራል) በሁለት ተነባቢ ቢጨርስም ሞንድታም፣ ሞንዶትት ነው። በየንግግሩ የሚመጡ ስለሆኑ ቶሎ ይለመዳሉ።

ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ግንዳቸው ራሱ ስለሚለወጥ እንዳሉ ተማሯቸው። ቫን (አለ፣ ነው) ቮልት (ነበር) ይሆናል። ሜጅ (ይሄዳል) ሜንት፣ የን (ይመጣል) የትት፣ ቴስ (ያደርጋል፣ ያስቀምጣል) ቴትት፣ ቪስ (ይወስዳል) ቪትት፣ ሂስ (ያምናል) ሂትት ይሆናሉ። ኤሲክ (ይበላል) ኤትቴም «በላሁ»፣ ኤቬትት «በላ» ይላል። ኢሲክ (ይጠጣል) ኢትታም «ጠጣሁ»፣ ኢቮትት «ጠጣ»።

አምስተኛ እርምጃ፦ ማን እንዳደረገውና በምን ላይ እንዳደረገው ጨምሩ

ከት ቀጥሎ የመደብ ቅጥያ ይመጣል። ሃንጋሪኛ ሁለት ረድፍ አለው። አንዱ ተሳቢ ከሌለ ወይም ተሳቢው ያልታወቀ ከሆነ፣ ሌላው ተሳቢው የታወቀ ከሆነ።

ያልታወቀ፦ ቫርታም፣ ቫርታኣል፣ ቫርት፣ ቫርቱንክ፣ ቫርታቶክ፣ ቫርታክ። (ጠበቅሁ፣ ጠበቅህ፣ ጠበቀ፣ ጠበቅን፣ ጠበቃችሁ፣ ጠበቁ።)

የታወቀ፦ ቫርታም፣ ቫርታድ፣ ቫርታ፣ ቫርቱክ፣ ቫርታኣቶክ፣ ቫርታኣክ። (ጠበቅሁት፣ ጠበቅኸው፣ ጠበቀው፣ ጠበቅነው፣ ጠበቃችሁት፣ ጠበቁት።)

ለፊት አናባቢ ግንዶች እነዚያው ናቸው፤ አናባቢው ብቻ ይለወጣል። ያልታወቀ፦ ኬርቴም፣ ኬርቴኤል፣ ኬርት፣ ኬርቲንክ፣ ኬርቴቴክ፣ ኬርቴክ። የታወቀ፦ ኬርቴም፣ ኬርቴድ፣ ኬርቴ፣ ኬርቲክ፣ ኬርቴኤቴክ፣ ኬርቴኤክ።

በቅንፍ ያለውን አማርኛ ልብ በሉ። የኛ «ው» እና «ት» ከሃንጋሪኛው የታወቀ ረድፍ ጋር በጣም ይቀራረባሉ። ፔቴር ኤጅ ሌቬሌት ቫርት «ፔተር ደብዳቤ ጠበቀ» ነው። ፔቴር ኣ ሌቬሌት ቫርታ «ፔተር ደብዳቤውን ጠበቀው» ነው። ልዩነቱ፣ አማርኛ «ደብዳቤውን ጠበቀ» ብሎ ማለፍ ይፈቅዳል፤ ሃንጋሪኛ አይፈቅድም። ተሳቢው ከታወቀ ግሱ የግድ ይናገራል።

እዚህ አማርኛችን የሚያሳስተን አንድ ቦታ አለ። «አየኸኝ» ስንል ተሳቢው «እኔ» ስለሆነ የታወቀ ይመስለናል። ሃንጋሪኛ ግን እኔን፣ አንተን፣ እኛን፣ እናንተን ባልታወቀው ረድፍ ነው የሚያስተናግደው። ስለዚህ «አየኸኝ» ላትታኣል ነው፤ ላትታድ አይደለም። ላትታድ «አየኸው» ነው። አድራጊው እኔ፣ ተቀባዩ አንተ ሲሆን ደግሞ ለብቻው የተሠራ ቅጥያ አለ፦ ቫርታላክ «ጠበቅሁህ»፣ ላትታላክ «አየሁህ»፣ ኬርቴሌክ «ጠየቅሁህ»።

ስድስተኛ እርምጃ፦ በሃንጋሪኛ «አልቋል» ማለት

«አነበብኩ» እና «አንብቤ ጨረስኩ» መካከል ያለውን ልዩነት ሃንጋሪኛ ከግሱ ፊት በሚለጠፍ ትንሽ ቃል ይለየዋል። ሜግ እና ኤል በጣም የተለመዱት ናቸው። ኦልቫሽታም ኣ ከኝቬት «መጽሐፉን አነበብኩ» ነው፤ ይጨረስ አይጨረስ አልተነገረም። ኤልኦልቫሽታም ኣ ከኝቬት ግን «አንብቤ ጨረስኩት» ነው። ኢርታም «ጻፍኩ»፣ ሜጊርታም «ጽፌ ጨረስኩት»።

ይህ ቃል ከቦታው ይነቃነቃል። አፍራሹ «ኔም» ሲመጣ ከግሱ ኋላ ይሄዳል፦ ኔም ኢርታም ሜግ «አልጻፍኩትም»። «ማን ጻፈው?» ስትሉም እንዲሁ፦ ኪ ኢርታ ሜግ? ለብቻው ቆሞ ስታዩት የሌላ ቃል እንዳይመስላችሁ።

«በልቻለሁ» ለማለት ደግሞ ማር (ከወዲሁ) የሚለውን ቃል መጨመር ይበቃል፦ ማር ኤትቴም። ቤታቸው ተጋብዛችሁ እንድትበሉ ሲጫኗችሁ ይህች ሐረግ ታገለግላለች።

ውጤቱ እንዳለ ማሳየት ስትፈልጉ ሌላ ግንባታ አለ፤ በእውነት የኛን «ተዘግቶ» ይመስላል። ግሱ ላይ ቫ ወይም ቬ ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ ቫን (ነው) ወይም ቮልት (ነበር)። ኣዝ ኣይቶ ቤ ቫን ዛርቫ «በሩ ተዘግቷል»። ኣዝ ኣይቶ ቤ ቮልት ዛርቫ «በሩ ተዘግቶ ነበር»።

የድሮው ሃንጋሪኛ ከዚህ የበለጡ የኀላፊ ቅርጾች ነበሩት። ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተጽፎ የቆየ አንድ የቀብር ስብከት አለ፤ በሃንጋሪኛ ከተጻፉት ያልተቆራረጡ ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊው ነው። እዚያ ውስጥ እግዚአብሔር ለአዳም ገነትን እንደሰጠው ሲነገር ኣዱትታ ቫላ ይላል፤ «ሰጥቶት ነበር» እንደማለት። ያ ቫላ አሁን ከንግግር ጠፍቷል። ያኔ የተፈጸመን ነገር ብቻ ያመለክት የነበረው ት ለሁሉም ኀላፊ ብቸኛው ምልክት ሆኗል። ሜጊርት ሌቬል «የተጻፈ ደብዳቤ» ሲባል ያ አሮጌ ትርጉሙ አሁንም ይሰማል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ፒፒልን ከፊት ጀምሩ

በፒፒል አድራጊው ከግሱ ፊት ነው። ኒ «እኔ»፣ ቲ «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» ምንም አይጨመርም። «እኛ» ደግሞ እንደገና ቲ ነው፤ ከ«አንተ» የሚለየው በመጨረሻው የብዙ ምልክት ት ነው። «እናንተ» ኣን ነው።

በአሁን ጊዜ ፓኑ (ያልፋል) እንዲህ ይሆናል፦ ኒፓኑ፣ ቲፓኑ፣ ፓኑ፣ ቲፓኑት፣ ኣንፓኑት፣ ፓኑት። ፓኑት «ያልፋሉ» ነው። ከሃንጋሪኛ የመጣ ሰው ት አይቶ «አለፉ» ይላል። አይደለም። ት እዚህ ብዙ ነው።

በኀላፊ ጊዜ፦ ኒፓኑክ፣ ቲፓኑክ፣ ፓኑክ፣ ቲፓኑኬት፣ ኣንፓኑኬት፣ ፓኑኬት። ነጠላው ክ ነው። ብዙው ኬት ነው፤ ኬ የጊዜው፣ ት የብዙው።

ተሳቢ ካለ በአድራጊውና በግንዱ መካከል ይገባል። ኔች «እኔን»፣ ሜትስ «አንተን»፣ ኪ ወይም ክ «እሱን»፣ ቴች «እኛን»፣ ኪን «እነሱን» ነው። ኒኪታክ «አየሁት»፣ ኒሜትሲታክ «አየሁህ»። ከላይ ከሃንጋሪኛው ላትታላክ ጋር አስተያዩት። ሁለቱም «አየሁህ» ናቸው፤ አንዱ ሰዎቹን ከኋላ ያስቀምጣል፣ ሌላው ከፊት።

ስምንተኛ እርምጃ፦ የፒፒሉን የኀላፊ መልክ ምረጡ

ግሶቹ በአራት መንገድ ይሄዳሉ። እንደ ፓኑ ያሉት ክ ብቻ ይጨምራሉ። እንደ ኩቺ (ይተኛል) ያሉት የመጨረሻ አናባቢያቸውን ጥለው ኪ ይወስዳሉ፦ ኩችኪ «ተኛ»። በኡዋ ወይም በኢያ የሚጨርሱት የመጨረሻዋን ኣ ጥለው በህ ይጨርሳሉ፦ ሙታሉዋ (ይሮጣል) ሙታሉህ፣ ኪልዊያ (ይነግረዋል) ኪልዊህ ይሆናል። እንደ ኳ (ይበላል) ያሉት ጥቂት አጫጭር ግሶች ደግሞ ምንም ሳይጥሉ ህ ይጨምራሉ፦ ኪኳህ «በላው»።

በመጨረሻዎቹ ሁለት መንገዶች ነጠላው ላይ ክ የለም። ብዙው ላይ ግን ይመለሳል፦ ሙታሉህኬት «ሮጡ»፣ ኪኳህኬት «በሉት»። እንዲያውም አንድ ግስ ኀላፊ መሆኑ ሲያጠራጥራችሁ ብዙውን ፈልጉ። ኬት ካለ ነገሩ አለቀ።

ሦስተኛው መንገድ ከመጨረሻው ድምፅ ይታወቃል። አንደኛውንና ሁለተኛውን ግን በእርግጠኝነት የሚለይ ሕግ የለም። ስለዚህ አዲስ ግስ ስትማሩ ሦስቱን ቅርጾች አንድ ላይ ጻፉ፦ ኩቺ፣ ኩችኪ፣ ኩችቱክ። ያዊ (ይሄዳል)፣ ያህኪ፣ ያህቱክ። ሦስተኛው ቅርጽ ምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ቱክ፣ ቲዊት፣ ቱያ

አንደኛ እርምጃ ላይ የጻፋችኋቸውን ሦስት የአማርኛ ግሶች አሁን አውጡ። አለፈ ፓኑክ ነው። አልፏል ፓኑቱክ ነው። አልፎ ነበር ፓኑቱያ ነው። እንዲህ ያለ ግጥምጥም በሌላ ቋንቋ ሲገኝ ደስ ይላል።

የብዙው ቅርጽ ግን ከነጠላው ይርቃል። ቱክ ወደ ቲዊት ይለወጣል፦ ቲፓኑቲዊት «አልፈናል»፣ ፓኑቲዊት «አልፈዋል»። ቱያ ግን ት ብቻ ይጨምራል፦ ቲፓኑቱያት «አልፈን ነበር»። ቅጥያዎቹ የሚለጠፉት በኀላፊው ግንድ ላይ ነው፦ ኒኩችቱክ «ተኝቻለሁ»፣ ኪኳህቱክ «በልቶታል»። ቱክ እንደ ቅጽልም ይሠራል። ሚክቱክ «ሞቷል» ነው፤ «የሞተ»ም ነው።

አሁን ወደዚያ አሳሳች ተመሳሳይነት። በሃንጋሪኛ ቫርቱክ አለ፣ በፒፒል ፓኑቱክ አለ። ሁለቱም በ«ቱክ» ይጨርሳሉ፣ ሁለቱም ስላለፈ ነገር ናቸው። እንዲህ ያለውን አይቶ ሁለቱን ቋንቋዎች ዘመድ ለማድረግ የሚቸኩል ሰው አይጠፋም። የሃንጋሪኛውን ቁረጡት፦ ቫር፣ ት፣ ኡክ። ት ጊዜ ነው፤ ኡክ «እኛ፣ እሱን» ነው። አናባቢው ኡ የመደቡ እንጂ የጊዜው አይደለም፤ ለዚህም ነው ከኬር ጋር ኬርቲክ የሚሆነው። የፒፒሉ ቱክ ግን ስለ «እኛ» ምንም አይልም። ፓኑቱክ የአንድ ሰው ነው፤ ብዙ ሲሆን ጭራሽ ቲዊት ይሆናል። የተገናኙት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ በውስጥ አሠራራቸው አንድም ቦታ አይገጥሙም።

አሥረኛ እርምጃ፦ ከኋላ ጀምራችሁ ቁረጡ

የማታውቁት ግስ ሲገጥማችሁ የመጨረሻውን ድምፅ ያዙና ወደ ውስጥ ግቡ። በሃንጋሪኛ መጀመሪያ የመደቡን ቅጥያ ታነሳላችሁ፣ ከሥሩ ት ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ግንዱ። በመጨረሻ ከፊት ሜግ ወይም ኤል መኖሩን ታያላችሁ። ቃሉ ግስ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከላይ ሌቬሌት እና ከኝቬት ላይ ያያችሁት ት የስም ተሳቢ ምልክት ነው፤ እንደ «ን» ያለ።

በፒፒል መጀመሪያ የብዙውን ት ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ኬ ወይም ቱያ አለ ብላችሁ ትፈትሻላችሁ፤ ቲዊት ከሆነ ግን አንድ ላይ ይነሳል። ከዚያ ወደ ፊት ዞራችሁ አድራጊውንና ተሳቢውን ትለያላችሁ።

እነዚህን ሞክሩ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ቁረጧቸው። ቋንቋውን ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው።

ላትቱክ። ፓኑት። ኬርቴኤክ። ኪኳህኬት። ኤልኦልቫሽታድ። ሙታሉህቲዊት። ኒኩችቱያ። ዶልጎዞትት።

መልስ፦ ላትቱክ ሃንጋሪኛ፣ «አየነው»። ፓኑት ፒፒል፣ «ያልፋሉ»፤ ኀላፊ አይደለም። ኬርቴኤክ ሃንጋሪኛ፣ «ጠየቁት»፤ አናባቢው ቢያጥር ኖሮ «ጠየቁ» ብቻ ይሆን ነበር። ኪኳህኬት ፒፒል፣ «በሉት»። ኤልኦልቫሽታድ ሃንጋሪኛ፣ «አንብበህ ጨረስከው»። ሙታሉህቲዊት ፒፒል፣ «ሮጠዋል»። ኒኩችቱያ ፒፒል፣ «ተኝቼ ነበር»። ዶልጎዞትት ሃንጋሪኛ፣ «ሠራ»፤ ኢክን የጣለ ድብልቅ ግስ።

ቀጥሎ ራሳችሁ ሥሩ። በፒፒል «ተኝተናል» እና «ነገሩት»፤ በሃንጋሪኛ «ጽፈህ ጨረስከው?» እና «አልጻፍከውም»።

መልስ፦ ቲኩችቲዊት። ኪልዊህኬት። ሜጊርታድ? ኔም ኢርታድ ሜግ።